ቨርቹዋል ማሽኑ ኪቦርድ ሲነካ ብቻ የሚነቃው ለምንድን ነው? ፓቹስ ይጫን ወይ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ባንድ ተቋም የሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ባንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ በኬቪኤም (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች በሚያካፍለው የሊኑክስ ክፍል) ስድስት ቨርቹዋል ማሽኖች እናስኬዳለን። ሰርቨሩ ኢንቴል ነው። ከማሽኖቹ አንዱ በአማካይ በአራት ቀን አንዴ ጭጭ ይላል። ፒንግ (በኔትወርክ የሚላክ «አለህ ወይ?» የሚል ጥሪ) አይመልስም። ኮንሶሉን ከፍቼ አንድ ቁልፍ ስነካ ግን ወዲያው ይነቃና የተጠራቀመውን ፒንግ ሁሉ ባንዴ ይመልሳል። መጀመሪያ መብራት ሄድ መጣ ሲል ሰርቨሩ ተጎድቶ ነው ብለን ነበር። አሁን አንድ ጓደኛዬ ከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) ሁለት ቦታ የሚነካ አጭር ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ጻፈልኝ። አንደኛው ለውጥ፣ ቨርቹዋል ሲፒዩው ከመተኛቱ በፊት የመጣ ኢንተራፕት («ሥራ መጥቷል» የሚል ምልክት) መኖሩን ድጋሚ ያያል። ሁለተኛው፣ ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር ሲፒዩውን ሁልጊዜ ይቀሰቅሳል። ያው ችግር የሙከራ ሰርቨራችን ላይም ስለሚታይ እዚያ ጫንነው። ሁለት ቀን ሆነው፣ ማሽኑ አልቆመም። ዋናው ሰርቨር ላይ ልጫነው? ከመጫኔ በፊትስ ምን ምኑን ልመርምር?»

ምላሽ፦ አትጫነው። ገና ነው። ከፓቹ ግማሹ ትክክለኛውን መንገድ ይዟል። ሌላው ግማሽ ግን በሽታውን የሚሸፍን ማስታገሻ ነው። ሁለቱ አብረው እስካሉ ድረስ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አትችልም።

የመብራቱን ነገር ተወው። በመብራት መቆራረጥ የተጎዳ ሚሞሪ ወይም ኔትወርክ ካርድ፣ ቁልፍ ስለተነካ አይድንም። ከጻፍከው ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ያ ቁልፍ ነው። ቁልፍ ስትነካ ለማሽኑ አዲስ ኢንተራፕት ይላካል። የተኛው ቨርቹዋል ሲፒዩ ይነቃል። ሲነቃ የኪቦርዱን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የመጣውን የኔትወርክ ኢንተራፕትም እዚያው ተቀምጦ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ፒንጉን ሁሉ ባንዴ ይመልሳል። እንግዲህ የኔትወርኩ ኢንተራፕት መንገድ ላይ አልቀረም። ደርሷል፣ ተመዝግቧል። የተኛውን የቀሰቀሰው ግን የለም። ጓደኛህ «ኢንተራፕት ይጠፋል» ብሎ ከሆነ የጻፈው፣ ይህን ያስተካክል። የሚጠፋው ቅስቀሳው ነው። ስሙ ከተሳሳተ ፍለጋውም የተሳሳተ ቦታ ይሄዳል።

እንዴት ይጠፋል? ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ የግቢ ጥበቃ አስብ። ሌሊት ነው፤ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጥበቃው ከመተኛቱ በፊት በሩ ሥር ደብዳቤ መኖሩን ያያል። የለም። ወደ ማደሪያው ይመለሳል። ልክ በዚያች መሀል መልእክተኛ ይመጣና ደብዳቤውን በበሩ ሥር ያስገባል። ቀና ሲል የጥበቃው መብራት እንደበራ ነው። «ነቅቷል፣ ያየዋል» ብሎ ሳያንኳኳ ይሄዳል። ጥበቃው መብራቱን አጥፍቶ ጋቢውን ይከናነባል። ሁለቱም ያዩት ነገር ባዩበት ሰዓት እውነት ነበር። ደብዳቤው ግን ሌላ ሰው መጥቶ እስኪያንኳኳ እዚያው ያድራል። ሌላው ሰው ያንተ ቁልፍ ነው።

አሁን ወደ ከርነሉ እንግባ። አዳዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ሲፒዩ 64 ባይት የሆነች ሰሌዳ አለች። በሰሌዳዋ ላይ 256 ቢቶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ የኢንተራፕት ቁጥር አንድ ቢት። ከነሱ ሌላ «ማሳወቂያ ወጥቷል» የምትል አንዲት ቢት አለች። ይቺን የማሳወቂያ ቢት እንበላት። ላኪው መጀመሪያ የኢንተራፕቱን ቢት ይጽፋል። ቀጥሎ የማሳወቂያዋን ቢት ይጽፋል። ከዚያ ተቀባዩ ምን ላይ እንዳለ ያያል። እየሠራ ከሆነ ማሳወቂያ ይልክለታል፣ ከተኛ ይቀሰቅሰዋል። ተቀባዩ በበኩሉ ከመተኛቱ በፊት «ልተኛ ነው» ብሎ ይጽፍና ሰሌዳዋን ያያል። ባዶ ከሆነች ይተኛል።

ልብ በል፣ ሁለቱም የራሳቸውን ይጽፋሉ፣ የሌላውን ያነባሉ። ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ቢያንስ አንዳቸው ሌላውን ማየታቸው አይቀርም። ጥበቃው መብራቱን ቀድሞ አጥፍቶ ከዚያ በሩን ቢያይ ኖሮ፣ ወይ እሱ ደብዳቤውን ያገኛል፣ ወይ መልእክተኛው ጨለማውን አይቶ ያንኳኳል። የጓደኛህ የመጀመሪያ ለውጥ ይህንን ነው የሚያደርገው። ሐሳቡ ትክክል ነው። በዚህ አመስግነው።

ግን ኮዱ ላይ በቅደም ተከተል መጻፉ አይበቃም። ሲፒዩ የጻፈውን ነገር ወዲያው ለሌሎች ሲፒዩዎች አያሳይም። መጀመሪያ እጁ ላይ ባለች ትንሽ ማቆያ ያስቀምጠዋል። ማቆያዋ እስክትራገፍ ድረስ ቀጣዩን ንባብ ቀድሞ ሊያደርግ ይችላል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ቅደም ተከተል ጠባቂ ናቸው ይባላል። እውነት ነው፤ ይህችን አንዷን ግን ይፈቅዳሉ። ኋላ ያለ ንባብ፣ ፊት ያለን የሌላ ቦታ ጽሑፍ ሊቀድም ይችላል። የኛ ችግር ደግሞ ልክ በዚህች ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በጽሑፉና በንባቡ መሀል ሙሉ ሚሞሪ ባሪየር፣ ማለትም ፊት ያለው ጽሑፍ ሳይታይ ኋላ ያለውን ንባብ የማያሳልፍ አጥር፣ ያስፈልጋል። በተኚው በኩል ብቻ ሳይሆን በላኪውም በኩል። ባንድ ወገን ብቻ ያለ ባሪየር እንደ አንድ እጅ ጭብጨባ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛህ የምታቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የዚህ ባሪየር ጥንድ የት ነው ያለው? መስመሩን አሳየኝ።» መልሱ «ላኪው ጋ ያለችው የማሳወቂያ ቢት የምትጻፈው አሮጌ ዋጋዋን በሚመልስ አቶሚክ ኦፕሬሽን (ሌላ ሲፒዩ መሀል በማይገባበት እርምጃ) ነው፣ እሱ ራሱ ሙሉ ባሪየር ነው» ሊሆን ይችላል። ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። ግን ይህንኑ ባሪየሩ አጠገብ በኮሜንት ይጻፈው። ጥንዱ ያልተጻፈ ባሪየር ሲያጋጥመኝ ፓቹን እመልሳለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ኮዱን ሲያጸዳ «ይህቺ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ይሰርዛታላ!

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛ፣ ሊኑክስ ውስጥ ዋጋ የሚመልሱ አቶሚክ ኦፕሬሽኖች እንደ ደንቡ ሙሉ ባሪየር ናቸው። ዋጋ የማይመልሱት ግን ስለ ቅደም ተከተል ምንም ቃል አይገቡም። ኢንቴል ላይ ልዩነቱ አይታይህም። ለውጡ የኬቪኤም የጋራ ኮድ ውስጥ ከገባ ግን አርም ላይም ይሄዳል፣ እዚያ ይታያል። ሁለተኛ፣ «ንባቡን ሪድ ዋንስ አድርጌዋለሁ» ቢልህ አትቀበለው። እሱ ኮምፓይለሩን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን) ነው የሚገታው፤ ሲፒዩውን አይገታውም።

በእጅ የተጻፈ ባሪየርን ደግሞ መጀመሪያውኑ ባላየው እመርጣለሁ። ከርነሉ ለእንቅልፍ የተዘጋጀ የራሱ ሥርዓት አለው። «ልተኛ ነው» ብለህ ሁኔታህን ታስመዘግባለህ፣ የምትጠብቀው ነገር መምጣቱን ታያለህ፣ ካልመጣ ሲፒዩውን ትለቃለህ። የሚያስመዘግበው ፈንክሽን ሙሉ ባሪየር በውስጡ አለው፤ ቀስቃሹም በበኩሉ ይዞታል። ጓደኛህ ያንን ትቶ የራሱን ከሠራ ምክንያቱን ይንገርህ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰሌዳዋ ስለምትራገፍበት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል። ላኪው የማሳወቂያ ቢቷ ቀድሞ በርታ ካገኛት «ሌላ ሰው አሳውቋል» ብሎ ማሳወቂያ ሳይልክ ይሄዳል። ስለዚህ ተቀባዩ መጀመሪያ የማሳወቂያዋን ቢት ማጥፋት አለበት፤ ከዚያ ባሪየር፤ ከዚያ ነው 256ቱን ቢቶች የሚሰበስበው። ቢገለበጥስ? ቢቶቹን ሰብስቦ ሲጨርስ አዲስ ኢንተራፕት ይገባል። ላኪው ቢቷ እንደበራች አይቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ተቀባዩ ቢቷን ያጠፋታል። ደብዳቤው በሩ ሥር ነው፣ ማንም አያውቅም። የጓደኛህ «ድጋሚ ማየት» በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያይ መስመር በመስመር ተመልከት። ድጋሚ ማየቱ ራሱ ይህን ስህተት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ለውጥ። ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር ሲፒዩውን ሁልጊዜ መቀስቀስ። አዎ፣ ማሽኑ ላይቆም ይችላል። ግን ያቺ ሰሌዳ የተፈጠረችው እኮ እየሠራ ያለውን ቨርቹዋል ሲፒዩ ሳያስወጡ ኢንተራፕቱን እዚያው እንዲቀበል ለማድረግ ነው። በመጣ ቁጥር ከቀሰቀስከው፣ በመጣ ቁጥር ወደ ሆስቱ (ማሽኖቹን ወደሚያስኬደው ሰርቨር) ይወጣል። ኔትወርክ የበዛበት ማሽን ላይ ዋጋው ከባድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እውነቱን ይደብቅብሃል። የመጀመሪያው ለውጥ ስህተት ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ይሸፍነዋል። ይውጣ። ያለ እሱ ማሽኑ ከቆመ የመጀመሪያው ለውጥ አልተሟላም ማለት ነው፤ ይህንን ማወቅ ነው የምንፈልገው።

ሌላው የተሳሳተው ነገር «ሁለት ቀን ሆነው፣ ማሽኑ አልቆመም» የሚለው ነው። እናስላው። ማሽኑ በአማካይ በአራት ቀን አንዴ የሚቆም ከሆነና አቋቋሙ ወቅት የማይጠብቅ ከሆነ፣ ምንም ሳትነካው ሁለት ቀን በሰላም የመዋል እድሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። ፓች ሳትጭን! ይህን እድል ከ5 በመቶ በታች ለማውረድ 12 ቀን መጠበቅ አለብህ። ያኔም ቢሆን የምታውቀው እንዳልቆመ ብቻ ነው፤ ለምን እንዳልቆመ አታውቅም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባንድ ተቋም እንዲሁ ዓይነት ችግር ገጠመን። ነገሩን ለማየት ብዬ ኮዱ መሀል ሎግ የሚጽፍ አንድ መስመር ጨመርኩ። ማሽኑ መቆም አቆመ። ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ሎጉ ዲስኩን ሲሞላው መስመሩን አነሳሁት። በማግስቱ ጠዋት ምዝገባ ነበር። ዝናብ ነው። ተማሪዎቹ የፕላስቲክ ፎልደር ራሳቸው ላይ ይዘው መስኮቱ ሥር ተሰልፈዋል። ማሽኑ ቆመ። መዝጋቢዋ በመስኮቱ «ትንሽ ታገሱ» ስትል፣ እኔ ውስጥ ኪቦርድ እየነካሁ አነቃው ነበር። ሎግ መጻፍ ጊዜ ይወስዳል። ያቺ ጊዜ የሁለቱን ወገኖች ግጥሚያ አራርቃው ነበር እንጂ ምንም አልጠገነችም። የዚያን ጠዋት ሰልፍ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ሙከራውን እንዲህ አድርገው። ሳይጠገን ባለው ከርነል ላይ፣ በመጨረሻዋ ማየትና በእንቅልፉ መሀል ሆን ብለህ ትንሽ መዘግየት አስገባ። ለሙከራ ብቻ። ቀዳዳው ስለሚሰፋ፣ አራት ቀን ይፈጅ የነበረው ብልሽት በደቂቃዎች ሊመጣ ይችላል። ከመጣ በሽታውን እጅ ከፍንጅ ያዝከው። ቀጥሎ ያንኑ መዘግየት ሳታነሳ የመጀመሪያውን ለውጥ ብቻ ጫን። አሁን ሌሊቱን ሙሉ ብታስጨንቀው እንኳ መቆም የለበትም። ይህ ከሁለት ሳምንት መጠበቅ የበለጠ ይነግርሃል። በተጨማሪ የከርነሉን የሎክ (ሁለት ሲፒዩ ያንኑ ነገር ባንዴ እንዳይነካ የሚከለክል መዝጊያ) መርማሪ አብርተህ፣ የኬቪኤምን የራሱን ፈተናዎች አስኪድ። የኢንተራፕት መቆጣጠሪያውን የሚፈትኑ ክፍሎች አሏቸው።

ከዚያ በፊት ግን በሽታው በእርግጥ እዚህ መሆኑን አረጋግጥ። በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ሲቆም ቁልፉን አትንካ! ማስረጃውን የምታጠፋው አንተ ራስህ ትሆናለህ። ሆስቱ ላይ የፕሮክ ኢንተራፕትስ ፋይልን ሁለት ጊዜ፣ አሥር ሰከንድ አራርቀህ ኮፒ አድርግ። የኬቪኤም የትሬስ ነጥቦች (ኮዱ ያለፈበትን የሚመዘግቡት) ቀድመው በርተው ከሆነ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አስቀምጥ። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ለዚያ ሲፒዩ የተላከ የኔትወርክ ኢንተራፕት፣ ከኋላው ደግሞ ያው ሲፒዩ እንደተኛ መቅረቱ። ኢንተራፕቱ ጭራሽ ካልተላከ ችግሩ ከላይ ነው፤ ወይ የቨርቹዋል ኔትወርክ ካርዱ ኮድ ላይ፣ ወይ ጌስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑ) ውስጥ ባለው ድራይቨር ላይ። ያኔ ይህ ፓች ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ነው።

የቀሩትን በአጭሩ። ለውጡ ሎክ ከጨመረ፣ ያው ሎክ ኢንተራፕት ተቀባይ ኮድ ውስጥም ይያዝ እንደሆነ እይ። ከተያዘ ኢንተራፕት ተዘግቶ መያዝ አለበት፤ ካልሆነ ሲፒዩው ራሱን በራሱ እየጠበቀ እንደቆመ ይቀራል። ማሽኑን ከአንድ ሆስት ወደ ሌላ በቁሙ የምታዛውሩ ከሆነ፣ ሰሌዳዋ ላይ ያሉት ቢቶች ከመዛወሩ በፊት ወደ ቨርቹዋል ኤፒኩ (ወደ ማሽኑ የኢንተራፕት መቆጣጠሪያ) መጠቃለላቸውን አረጋግጥ። አለዚያ ደብዳቤው አሮጌው ግቢ ይቀራል። መስመሩ እንደተያዘ የሚቆይ የቆየው ዓይነት ኢንተራፕት ላይ ደግሞ ትርፍ ቅስቀሳ ሁልጊዜ ምንም አይጎዳም አትበል። ሊኑክስ ከ100,000 ኢንተራፕት ውስጥ ከ99,900 በላይ ባለቤት ካጣ መስመሩን ራሱ ይዘጋዋል።

በኛ አገር ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፣ ዜማው ስላማረ ብቻ አያልፍለትም። መምህሩ ሰሙን ከወርቁ፣ ቃሉን ከሙያው ይጠይቀዋል። ፓችም እንዲሁ ይጠየቅ። ጓደኛህ ቢቀየም እንኳ ጠይቀው። ደግሞ ሁለት ለውጥ ባንድ ፓች አይምጣ። መግለጫው ተጠቃሚው ምን እንዳየ፣ ግጥሚያው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚፈጠር ይንገረን፤ ስህተቱን ያስገባውን ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ከመለያው የመጀመሪያ 12 ፊደላት ጋር ይጥቀስ። ለተረጋጉት (ስቴብል ለሚባሉት) ከርነሎች የሚላክ ጥገና ከነዙሪያው ከ100 መስመር እንዳይበልጥ፣ ትክክለኛነቱም በግልጽ የሚታይና የተፈተነ እንዲሆን የከርነሉ ደንብ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ለውጥ ብቻውን ከሆነ በዚህ ልክ ይገባል።

እንግዲህ «ምን ላድርግ?» ብትለኝ፣ ይህን አድርግ። ዛሬ ማታ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ማሽኖቹን ሁሉ ዝጋ። የኢንቴሉን የኬቪኤም ሞጁል፣ «ኢኔብል ኤፒክቪ» የሚለውን ፓራሜትር አጥፍተህ መልሰህ ጫነው። ሰሌዳዋ ከጨዋታ ትወጣለች። ፍጥነት ትንሽ ይቀንስብሃል፣ ግን የዋናውን ሰርቨር ከርነል ሳትነካ ማሽኑ እፎይ ሊል ይችላል። እፎይ ካለ ፍለጋችን ትክክለኛው ሰፈር ነው ማለት ነው፤ ፓቹ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። ካላለ ደግሞ ፓራሜትሩን መልሰው፣ ሰፈሩ ሌላ ነው። ነገ የሙከራ ሰርቨሩ ላይ የዲስትሪቢውሽንህን የመጨረሻ ከርነል ጫንና መዘግየቱን አስገብተህ ሞክር። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. በ2007 ከሊኑክስ ጋር ከተቀላቀለ ጀምሮ ይህ ኮድ ብዙ ጊዜ ታርሟል፤ የናንተው ብልሽት ቀድሞ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል። ካልተጠገነ የመጀመሪያውን ለውጥ ብቻውን፣ ጥንዱ በኮሜንት ተጽፎ፣ ለኬቪኤም ጠባቂዎች (ኮዱን በኃላፊነት ለሚይዙት) ላኩት። እነሱ አይተው ከተቀበሉት በኋላ ዋናው ሰርቨር ላይ ይግባ። እስከዚያ አይግባ። ከላካችሁት ኮድ ጋር፣ ማሽኑ በቆመበት ቅጽበት የያዝከውን ትሬስም አያይዙት።